ድንበር ያልተሻገረው ሞተር

የቫኑን የኋላ በር የከፈተው የጉምሩኩ ፈታሽ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል። መጀመሪያ ያየው ጫማ ነበር፤ የግራ እግር ጫማ፣ ሶሉ ወደ በሩ የዞረ። ከጫማው በላይ ትልቅ ሞተር ብስክሌት ተጋድሟል። ከሞተሩ ሥር ሰው አለ።

"ሰው ሞቷል!" ብሎ ጮኸ። ግቢው ውስጥ የተሰለፉት ሹፌሮች ሁሉ ሰሙት።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጉልበቷን ስለሚያማት ሳጅኑ እጇን ይዞ ወደ ቫኑ ሳባት። ሳጅኑ በዕድሜ ይበልጣታል፣ እሷ በማዕረግ ትበልጠዋለች፤ በዚህ ምክንያት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱም አንቱ እንደተባባሉ ቀርተዋል።

"አደጋ ነው" አለ ሳጅኑ። "ማሰሪያው ተፈትቶ ሞተሩ ወደቀበት። ሁለት መቶ ኪሎ ነው፤ ቀልድ አይደለም።"

"ደረቱ ላይ የወደቀ ሞተር ማጅራቱን እንዴት ሰነጠቀው?"

"ሲወድቅ ወለሉ መትቶት ይሆናላ።"

"ሁለት ቦታ ነው የተሰነጠቀው። ወለል ሁለቴ ይመታል እንዴ?"

ሳጅኑ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

ሟቹን ድንበሩ ላይ የማያውቀው የለም። ስሙን ሳይሆን ቅጽል ስሙን ነው የሚያውቁት፤ ቋጠሮ ይሉታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሞተር በቫን ጭኖ ሦስት ድንበር እያሻገረ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። እሱ ያሰረው ሞተር መንገድ ላይ ተፈትቶ አያውቅም። "የቋጠሮን ማሰሪያ ሞት ራሱ ቢላ ይዞ ካልመጣ አይፈታውም" ይሉ ነበር ሹፌሮቹ። ይስቁበት ነበር። ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም።

ኢንስፔክተሯ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አነሳች። ሰፋፊ ቀበቶዎች ናቸው፣ አራት። አንዱም አልተቆረጠም፣ አንዱም አልተበጠሰም። መንጠቆዎቹ በሰው እጅ ነው የተከፈቱት።

"አንዱ ቢፈታ ይገባኛል" አለች። "አራቱም በአንድ ቀን ሰለቻቸው?"

ከዚያ ሞተሩን ዙሪያውን አየች። መሪው ተጣሟል። የግራ መስታወቱ ተሰንጥቋል። ከሆዱ ሥር የጎን መቆሚያው እንደ ሰው እግር ተዘርግቶ ወጥቷል። ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም፤ ግን ፎቶ አንሺውን "ይኼንንም አንሳልኝ" አለችው። ያልገባትን ነገር ሁሉ ፎቶ ማስነሳት ልማዷ ነው።

* * *

ከመምሸቱ በፊት የቋጠሮ ታናሽ ወንድም ታሰረ። ከቋጠሮ ጋር ተራ በተራ እየነዳ አብሮ የሚሠራ ነው። ነዳጅ ማደያ የምትሠራ ሴት በስልክ ተናግራለች፤ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች ከቫኑ ኋላ ተገፈታትረዋል፤ ታናሽየውም "ዝም ካላልክ እኔው ዝም አሰኝሃለሁ!" ብሎ ሲጮህ በጆሮዋ ሰምታለች።

አዛዡ ይህን ሲሰማ ፋይሉን ዘጋ።

"ከነገ ወዲያ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደ ዋናው ከተማ እስር ቤት ይላካል። ወንድሙን በመግደል።"

"ዶክተሩ የሞተው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው ብሏል። ድንበር የደረሱት ሰባት ላይ ነው።"

"እና? መንገድ ላይ ገደለው፣ ይዞት መጣ። ሌላ ሰው ካለሽ አምጪው። ከሌለሽ አራት ሰዓት አራት ሰዓት ነው።"

ታናሽየው ያለበት ክፍል ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ የነበረ ነው። ቀበቶውንና የጫማ ክሩን ወስደውበታል። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ቆሟል።

"ቁጭ በል።"

"መቆም ይሻለኛል።"

"ለእኔ አይሻለኝም፤ አንገቴን ያመኛል። ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ።

"በምን ተጣላችሁ?"

"የወንድማማች ነገር ነው። ስለ መንገድ። የትኛው ይቀርባል፣ የትኛው ይርቃል።"

"ስለ መንገድ የተጣላ ሰው 'ዝም በል' ይላል?"

ወለሉን አየ። "እሱ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። እናታችን ጥርሱን ነክሶ ነው የተወለደው ትላለች።"

"ድንበር ስትደርሱስ?"

"እሱ ቫኑ ጋ ቀረ። እኔ ፓስፖርቶቻችንን ይዤ መስኮቱ ጋ ተሰለፍኩ። ስምንት ተኩል ላይ ጩኸት ሰማሁ።"

"ካንተ ኋላ የነበረው ሰው በመሃል ወጥተህ ነበር ይላል።"

"ሽንቴን ልሸና።"

"ስንት ደቂቃ?"

"የሽንት ደቂቃ።"

ይዋሻል። ኢንስፔክተሯ ይህን ለማወቅ ብዙ አልደከመችም። ግን የሚዋሸው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ እንዳፈረ ሰው ነው። ልዩነቱን ጻፊው ቢሏት አትችልም፤ አዛዡም ያልተጻፈ ነገር አይወድም።

ኮሪደሩ ላይ እናትየው ቁጭ ብላለች። አጭር ሴት ናት፤ እግሯ ከአግዳሚው ወለል አይደርስም። ፈታሹ የምስክርነት ቃሉን ሊፈርም መጥቶ አጠገቧ ቆሟል። ውኃ አምጥቶላታል። ጃኬቱን አጣጥፎ ከጀርባዋ አድርጎላታል።

"ምስኪን እናት" አለ ለኢንስፔክተሯ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የት ጋ ነው የምፈርመው? የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጠኛል።"

ሳጅኑ አስፈረመው። እናትየው ቀና አለች።

"አንቺ ነሽ አለቃዋ?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ሁለት ወለድኩ። አንዱን ሬሳ ቤት አሳዩኝ። ሁለተኛውን ደግሞ ገዳዩ እሱ ነው ብለው በካቴና ሊወስዱብኝ ነው። ለየትኛው ላልቅስ?"

"ለሞተው ያልቅሱ። ያለውን ለእኔ ይተዉልኝ።"

እናትየው እጇን ያዘቻት። እጇ እንደ እንጨት ደረቅ ነው።

"እውነቱን ንገሪኝ። እሱ ነው?"

ኢንስፔክተሯ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። እቤቷ እስክትደርስ ጆሮዋ ላይ የቀረው ጥያቄው ብቻ አይደለም፤ የጠየቀችው እናቱ መሆኗም ነው።

* * *

በማግስቱ ግማሹ ቀን በትራንዚተሩ ጠፋ።

ትራንዚተሩ የሹፌሮችን ወረቀት የሚያስጨርስ ወፍራም ሰው ነው፤ ቢሮው ኮንቴይነር ውስጥ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ሳጅኑ የሞተሩን ሻንሲ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያይ አልገጠመም። ሞተሩ ላይ መጨረሻው ሰባ ሦስት ነው። ወረቀቱ ላይ ሠላሳ ሰባት።

"የተሰረቀ ሞተር ነው" አለ ሳጅኑ፤ ዓይኑ በራ። "ቋጠሮ ነቃባቸው፤ ገደሉት። አለቀ።"

ትራንዚተሩን ሲጠይቁት ላቡ ከአገጩ ተንጠባጠበ።

"ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል የት ነበርክ?"

"እዚሁ።"

"በርህ ተቆልፎ ነበር። ሦስት ሹፌር አንኳኩቶ ሄዷል።"

"ተኝቼ ነበር።"

"ኮንቴይነር ውስጥ፣ በዚህ ሙቀት? ተኝተህ ሳይሆን ተቀቅለህ ነበራ!"

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለካ ቁጥሩን ሲገለብጥ የተሳሳተው ራሱ ነው። የዘንድሮ ሦስተኛ ስህተቱ ነው፤ ከታወቀ ፈቃዱን ይነጥቁታል። ስለዚህ በር ቆልፎ ፎቶ ኮፒ ቤት ተደብቆ አዲስ ወረቀት ሲያዘጋጅ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራዋ ሴት አረጋገጠች።

"እዚህ ነበር። ሦስቴ አስቀዳኝ፣ ሦስቴም አጣመመው። 'ሕፃን ነህ እንዴ?' ብዬዋለሁ።"

ኢንስፔክተሯ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ስትወጣ ሰባት ሰዓት ሆኗል። እስከ ነገ አራት ሰዓት የቀራት ሃያ አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ሰው ይተኛል።

* * *

ወደ ታናሽየው ተመለሰች። የሚጠየቅ ጥያቄ ስላለቀባት ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት። የወንድሙን ፊት የሚያሳየውን ብቻ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ታናሽየው አንዱን ፎቶ አነሳ። ጣቱ ቆመ።

"ይኼን ማን ዘረጋው?"

"የቱን?"

"የጎን መቆሚያውን። ቫን ውስጥ ሞተር በመቆሚያ አይቆምም እኮ! ፊቱ በማሰሪያ ወደ ታች ይጎተታል፤ አሞርዛተሩ ሲጨመቅ ሁለቱ ጎማ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መቆሚያው ይታጠፋል። ተዘርግቶ ከሄደ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ወለሉን ይወጋዋል። ወንድሜ ይኼን የሠራ ሰው ቢያገኝ ከመኪናው አውርዶ በእግሩ ነበር የሚሰደው።"

"አንተስ ረስተህ ይሆናል?"

"እኔ ሞተር መንዳት አልችልም። ማሰር ብቻ ነው የማውቀው። መቆሚያ ነክቼ አላውቅም።"

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን ረስታ ተነሳች።

ቫኑ የፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከማደያው እስከ ድንበሩ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች መንገድ ነው፤ የሰው ጥርስ የሚያራግፍ። ሞተሩ ቆሞ የነበረበት ቦታ ላይ ተንበርክካ ጣውላውን በመዳፏ ዳበሰች። ቀለም የተቀባ ነው። ጭረት የለውም፣ ቀዳዳ የለውም።

"ሳጅን፣ ይምጡና ይዩ። እዚህ ላይ የተወጋ ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

"እንግዲያው መቆሚያው የተዘረጋው ቫኑ ከቆመ በኋላ ነው። መንገድ ላይ አይደለም። ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ነው።"

ሳጅኑ ሠላሳ ዓመት ሞተር የነዳ ሰው ነው። ቆም ብሎ አሰበ።

"ገዳዩ ማሰሪያውን ፈታ" አለ ቀስ ብሎ። "ሞተሩ ሊወድቅ ሆነ። ሬሳውን ደግሞ ከሥሩ ለማስገባት ሁለት እጅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሞተሩን አቆመው። ሬሳውን ጎተተ። ከዚያ ሞተሩን ገፋበት።"

"ለምን ግድግዳ ላይ አላስደገፈውም?"

"ሞተር የሚነዳ ሰው ሞተሩን ሲለቅ አያስብም፣ ኢንስፔክተር። እግሩ ነው የሚያስበው።"

ሞተሩ መጋዘን ውስጥ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሲያመጡት መቆሚያው ታጥፏል። ሳጅኑ ሊያሳያት ቀጥ አድርጎ ያዘውና በግራ እግሩ ጫፍ መቆሚያውን ፈለገ። አጣው። ደግሞ ፈለገ።

"የታባቱ! መርገጫ ጥርሱ የለም። በምን ይወርዳል ይኼ?"

"እርስዎም አልቻሉ?"

"ሠላሳ ዓመት ነድቼ እንዲህ አላፈርኩም።"

እሱ ሲራገም እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች፤ ጉልበቷ አላስነሳ ስላላት እንጂ ፈልጋ አይደለም። ዓይኗ ከፊት ጎማው መሃል ጋር እኩል ሆነ። ከፍሬኑ ኋላ የሆነ ነገር ያበራል። በእስክርቢቶዋ ጫፍ ጎትታ አወጣችው። የጣት ርዝመት የማይሞላ የሱፍ ክር ነው። ቢጫ።

ክሩን ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠችው።

"ምነው?" አለ ሳጅኑ።

"ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መዝገብ ያስታውሳሉ? ልብስ ሰፊዋን?"

ያስታውሳል። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ልብስ ሰፊ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ በሞተር ተገጭታ እስኪነጋ ዳር ላይ ወድቃ ኖራ ሞታለች። ገጪው አልተገኘም። ቢጫ ሹራብ ለብሳ ነበር። የግራ እጅጌው ከክርኑ በታች የለም፤ የመንገዱ ሹፌር ሁሉ ስለ እሱ ተጠይቆ ነበር።

* * *

"ወንድምህ ጎማው ውስጥ ክር አግኝቷል" አለች ታናሽየውን። "ስለ መንገድ አልተጣላችሁም።"

ታናሽየው ሱሪውን ለቀቀው። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

"የመጀመሪያ ሰዓታችንን ከነዳን በኋላ ቆመን ማሰሪያ እናጠብቃለን፤ ደንባችን ነው። ማደያው ጋ ሲያጠብቅ አየው። 'ይኼ የዚያች ልጅ ሹራብ ነው፤ ድንበር ስንደርስ ለፖሊስ እናገራለሁ' አለ። እኔ ዝም በል አልኩት። 'ሞተሩን ይይዙታል፣ ቫኑን ይይዙታል፣ እኛን ይይዙናል፤ የሞተች ልጅ አትነሳም' አልኩት። በቡጢ መታኝ።"

"ከዚያስ?"

"የጭረት ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ሞተር ስንረከብ የተሰበረውንና የተጫረውን ሁሉ የምንጽፍበት ወረቀት አለ። አንዱ ከላኪው ጋ ይቀራል፣ አንዱ ከእኛ ጋ።"

"የእናንተው ቫኑ ውስጥ የለም።"

"ነበር እኮ።"

"ከሰልፉ የወጣህበትን ደግሞ ንገረኝ።"

ፊቱ ተዘጋ። "ሽንት ነው አልኩ።"

ላኪው አሮጌ ሞተር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በስልክ ሲያገኙት ወዲያው ተቆጣ።

"እኔ ሦስተኛ እጅ ነኝ! የመጀመሪያ ባለቤቱን አላውቅም። መዝገብ ቤት ጠይቁ።"

"ጠይቀናል። በሳምንት ውስጥ እንመልሳለን አሉ። አንተ የጭረት ወረቀትህን አንብብልኝ።"

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። "የግራ መስታወት ስንጥቅ። ታንከሩ ላይ ጉድፍ። የመቆሚያው መርገጫ ተሰብሯል፣ የሚወርደው በተረከዝ ከኋላ ተስቦ ብቻ።"

"በተረከዝ ከኋላ?"

"እኔም ሳይነግሩኝ ግማሽ ቀን ታግዬዋለሁ፣ እህቴ። እንደ በቅሎ አመል ያለው ሞተር ነው።"

ስልኩን ዘጋችና ሳጅኑን አየችው። እሱም ያሰበው ያንኑ ነው። ገዳዩ ሬሳ አጠገቡ ተጋድሞ፣ ደጅ ሹፌር ሞልቶ፣ ሰው ይመጣል አይመጣም እያለ፣ ያንን መቆሚያ አልፈለገም። እግሩ አውቆት ነው የዘረጋው።

"ሞተሩ የራሱ ነበር" አለ ሳጅኑ።

ጉምሩክ ግቢ ሄዱ። እዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ሰው ቫን ላይ ሲወጣ ቢታይ ሹፌሮቹ "ሌባ!" ይላሉ። ከፈታሾች በቀር። የፈታሾቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ጆንያ የሚወጉባቸው አራት ረጃጅም ብረቶች ተሰቅለዋል። ሦስቱ ዱቄትና ሲሚንቶ ለብሰዋል። አራተኛው ያበራል።

"ይኼኛው የማን ነው?" አለች።

"የማንም ነው" አለ የፈረቃው ኃላፊ። "ያገኘ ያነሳል።"

"ማን አጠበው?"

"እዚህ ቤት ብረት የሚያጥብ ሰው? ኩባያ የሚያጥብም የለ።"

ትናንት ቀን ፈረቃ ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። ኢንስፔክተሯ ሦስቱም ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያው መጋዘን እንዲመጡ አዘዘች።

"ለምን ልበላቸው?" አለ ኃላፊው።

"ሞተሩን ስለምንመዝን ጉልበት ያለው ሰው ቸገረን በላቸው።"

* * *

አንደኛው ፈታሽ ቀጭን ረጅም ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያዘላት። ኢንስፔክተሯ ከሥሩ የምታይ መሰለች፤ ከዚያ "ተወውና ወዲህ ና" አለችው። ቢለቅ ይወድቅበታል። በግራ እግሩ ወደፊት ፈለገ፣ ወደ ጎን ፈለገ፣ አጎንብሶ አየ።

"እመቤቴ፣ ይኼ ሞተር እግር የለውም እንዴ?"

"ግድግዳው ላይ አስደግፈው።"

ሁለተኛው ሞተር ነክቶ የማያውቅ ነው። ሲይዘውም እንደ ወላድ ላም ፈራው። "አትልቀቁኝ፣ አትልቀቁኝ" ይላል፤ የያዘው እሱ ሆኖ። ሳጅኑ ሳቁን አምቆ ተቀበለው።

ሦስተኛው ሬሳውን ያገኘው ፈታሽ ነው። እንደ ገባ ሰላምታ ሰጠ፤ "እናትየው እንዴት አደሩ?" ብሎ ጠየቀ። ሞተሩን በሁለት እጁ ያዘ። አያያዙ ጥሩ ነው፤ ወገቡን አስጠግቶ፣ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ አዙሮ።

ኢንስፔክተሯ ጎማውን አየች። ሰንሰለቱን አየች። ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ፊቷን ሳታዞር ተጣራች።

"ማነህ፣ የሰጠኸው ቃል ላይ ሰዓቱ አይነበብም። አንድ ጊዜ ና እስቲ።"

"እሺ" አለ።

ግራ እግሩ ወደ ኋላ ሄደ። ተረከዙ ከሞተሩ ሆድ ሥር ገብቶ አንዴ ሳበ። ቀጭ አለ። ሞተሩ በቀስታ ዘመም ብሎ ቆመ። ሰውየው ወደታች አላየም። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሦስተኛው ላይ ነው የሁሉንም ዝምታ የሰማው።

ሳጅኑ የመጋዘኑን በር ዘጋው።

"ማን አሳየህ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

ፈታሹ ዞሮ ሞተሩን አየ። ሞተሩ ለጌታው እንደ ታዘዘ ከብት በእግሩ ቆሟል።

"ምኑን?"

"የፖሊስ መኪና ከድንበር ሲያመጣው ተጋድሞ ነው የመጣው። ሳጅኑ አልቻለውም። ጓደኛህ አልቻለውም። ነጋዴው ግማሽ ቀን ታገለው። አንተ በእግርህ ጠራኸው፣ መጣልህ።"

ፈታሹ ወደ ተዘጋው በር አየ። በኋላ መቆለፊያ ሣጥኑ ሲፈተሽ የቋጠሮ የጭረት ወረቀት በአራት ታጥፎ ጫማ ውስጥ ተገኘ። ሊያቃጥለው ነበር፤ ግን ከቀን ፈረቃ በቀጥታ ቃሉን ሊሰጥ ወደ ጣቢያ ተወሰደ፣ ከዚያ ደግሞ እናትየው አጠገብ ቆሞ አመሸ፤ በማግስቱም ተረኛ አልነበረም።

* * *

"ጸሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበረች" አለ። "አላየኋትም።"

"ከገጨሃት በኋላስ? ቆመህ አይተሃታል?"

"አይቻታለሁ።"

"በሕይወት ነበረች?"

ዝም አለ። ኢንስፔክተሯ ዝምታውን ጻፈችው።

"ሞተሩ ከአገር ከወጣ ያበቃል ብዬ ነው" አለ ቆይቶ። "ለውጭ ገዢ የሚልክ ነጋዴ ጋ እንዲደርስ አድርጌ በሰው በኩል ሸጥኩት። በእኔ በር ሲያልፍ እኔ እፈትሸዋለሁ፣ ማንም አይነካውም ብዬ።"

"ቋጠሮ ክሩን እንዳገኘ በምን አወቅህ?"

"ወንድሙ ነገረኝ።"

የሳጅኑ እስክርቢቶ ቆመ።

"ከሰልፉ ወጥቶ መጣ። ሁለታችንም እንተዋወቃለን፤ ስንት ዓመት ያልፋሉ። 'ወንድሜ የሆነ ክር አገኘሁ ብሎ ፖሊስ ልጥራ እያለ ያስቸግረኛል፤ እባክህ አንተ ቶሎ ፈትሸህ አሳልፈን፣ ከተሻገርን ይረሳዋል' አለኝ። ደግ ሰው ነው ብሎ እኮ ነው። እኔ ቫኑ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱንና ክሩን ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ቋጠሮን ለመንኩት! 'የሰው ልጅ ልብስ ነው' አለኝ፤ ክሩ ያለበትንም አላሳየኝ። ከዚያ ማሰሪያውን ሊያጠብቅ ጀርባውን ሰጠኝ።"

ከጠረጴዛው በላይ ያለው አምፖል ያፏጫል። ሳጅኑ የመጨረሻዋን ቃል ጽፎ ጨረሰ።

ሦስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ የታናሽየውን ክፍል ራሷ ከፈተች። ቀበቶውንና የጫማ ክሩን በሳህን አምጥታለታለች። እሱ ፊቷን አየና ሁሉ ገባው።

"ፈታሹ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ተናገረ?"

"ተናገረ።"

"እኔ ያልኩትንም?"

"እሱንም።"

"ተጽፏል?"

"ተጽፏል። የተጻፈ አላጠፋም።"

ክሩን ጫማው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቃተው። ሦስቴ ሞከረ።

"እናቴ ማንበብ አትችልም" አለ።

"አውቃለሁ። እኔም አላነብላትም፤ ሳጅኑም አያነብላትም።"

"እና ማንም አይነግራትም?"

"ካንተ በቀር።"

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ደም ለብሷል። "እርስዎ ቢሆኑ ይነግሯት ነበር?"

"እኔ የምሠራው ማን እንደ ገደለ ማወቅ ነው። አንተ አልገደልክም። ሂድ።"

ሄደ። እሷ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ሳጅኑም መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

እናትየው ከጣቢያው በር ውጭ ነበረች። ልጇን ስታይ ሮጣ ፊቱን በሁለት መዳፏ ያዘች፤ ለመያዝ በጣቶቿ ጫፍ መቆም ነበረባት። ግንባሩን ሳመች፣ ዓይኑን ሳመች። እሱ እጆቿን ይዞ አወረዳቸው። ከዚያ ማውራት ጀመረ። መስኮቱ ዝግ ስለሆነ ድምፅ አይሰማም። ብዙ አላወራም።

እናትየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ተረከዟ መሬት ረገጠ። እጆቿን እንደ ቆሸሹ ነገር ከፊቷ ዘርግታ ቆየች። ልትመታው ነው ብሎ ሳጅኑ ትንፋሹን ያዘ። አልመታችውም። ዞራ መሄድ ጀመረች። ልጇ አሥር እርምጃ ርቆ ተከተላት።

አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ቆመች። ከባድ መኪናዎች ከድንበሩ ወደ ከተማው እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ ነፋሳቸው ቀሚሷን ወደ ኋላ ይመታዋል። ልጇ አጠገቧ ደረሰ። እሱ መኪናዎቹን አላያቸውም፤ መሬት መሬቱን እያየ እግሩን ወደ አስፋልቱ ሰደደ።

እናትየው ሳታየው እጅጌውን ያዘች። መኪናዎቹ እስኪያልፉ ይዛው ቆመች፤ ከዚያም እንደያዘችው ይዛ አሻገረችው።

ማዶ ሲደርሱ ለቀቀችው።